ሞላሰሱን ያስጣልኩበት ወቅት

ሰኞ 3/6

የመጨረሻው የሞላሰስ በርሜል ዛሬ ከግቢ ወጣ። ግልግል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ ከስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ጥቁር ሙጫ ጫማዬ ላይ ሲጣበቅ፣ የዝንብ መንጋ ሲጠራብኝ ኖሬ፣ ዛሬ ገና እንደ ሰው ላቦራቶሪዬ ገባሁ።

ሥራ አስኪያጁ፣ ሠራተኛው ከጀርባው ክራቫት የሚለው፣ ንግግር ሊያደርግ ስለሆነ ጠዋት ቢሮው ጠርቶኝ ነገሩን ለአምስተኛ ጊዜ አስረዳሁት። "የጉድጓዶቻችን ውኃ ከእርሻው ማዳበሪያ የተነሣ ናይትሬት ሞልቶታል። አራቱ የጠጠር ገንዳዎች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች አየር ሲያጡ ናይትሬቱን ይተነፍሱታል፣ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ግን በባዶ ሆዳቸው አይሠሩም። እስከ ዛሬ በሞላሰስ ነበር የምንቀልባቸው፤ ከእንግዲህ በንጹሕ አልኮል ነው።"

"አይሰክሩም?" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

ከዚያ ሰው ፊት ቆሞ "ንጹሕ ምግብ ለንጹሕ ውኃ!" አለ። ሐረጉ የኔ ነው፤ ሐሳብ ማቅረቢያዬ ሦስተኛ ገጽ ላይ አለ። ጭብጨባው ግን የእሱ ሆነ።

ጋሽ አፍንጫ በርሜሉ መኪና ላይ ሲጫን ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ያያል። የገንዳዎቹ ሠራተኛ ነው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፣ ውኃን በመሣሪያ ሳይሆን በማሽተት ነው የሚመረምረው፣ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። "ከብቶቹ ለምደውት ነበር እኮ፣ ልጄ" አለኝ። ባክቴሪያዎቹን ከብቶቹ ይላቸዋል። እኔን ደግሞ ልጄ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ከሥራ ስወጣ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ቤት ጎራ አልኩ። ልጇ ከወለደች አራት ሳምንት ሆናት። ጡቷ አልበቃ ብሎ ለሕፃኑ የዱቄት ወተት ጀምራለታለች። "የቧንቧውን ውኃ አፍልቼ ነው የምበጠብጥለት፣ አክስቴ። ልክ ነኝ አይደል?" አለችኝ።

"ከኔ እጅ የወጣ ውኃ ባታፈይውም ችግር የለውም" አልኳት። ጉራ አይደለም።

ማክሰኞ 4/6

ናይትሬት፣ በሊትር 19 ሚሊግራም። ገደቡ 50 ነው። በሞላሰስ ዘመን 30 ሲገባ ስንጨባበጥ ነበር የምንውለው። ዛሬ ማንም ጎሽ አላለኝም። አልጠበቅኩም።

ሰኞ 10/6

21። ደህና ነው። ጋሽ አፍንጫ ገንዳ ሁለት ላይ አጎንብሶ ሲያሸት ግማሽ ቀኑን አጠፋ። ደመወዝ ይከፈለዋል ለዚህ።

ሐሙስ 13/6

ገንዳ ሁለት በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚታጠበው። ሽማግሌው ትናንትም ዛሬም አጠበው። ለምን ብዬ ብጠይቅ እፍኝ ጠጠር ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈልኝ። ወረቀቴ ላይ! "እይው፣ ንፍጥ ሆኗል። ውኃው አላልፍ እያለ ነው። ከብት ሲታመም ነው እንዲህ የሚያዝረበርበው።"

እውነትም ዝልግልግ ነው። "አስተጣጠብዎ ነው ችግሩ፣ ጋሼ" አልኩት።

"ሊሆን ይችላል" አለኝና ጠጠሩን በባርኔጣው ሰብስቦ ወጣ። ይህ ሰው ሲነኩት እንኳ አይቆጣም። ለዚህም እንቀዋለሁ።

ሰኞ 17/6

38። ምግብ አንሷቸዋል ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? አልኮሉን በሩብ ጨምሩ ብዬ አዘዝኩ። ጋሽ አፍንጫ፦ "የቀረበላቸውንም አልጨረሱ፣ ልጄ። መውጫው ላይ አልኮሉ ይሸተኛል።" ይሸተዋል! ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ የተማርኩት ለዚህ አፍንጫ ሪፖርት ላቀርብ ነው እንግዲህ።

ረቡዕ 19/6

27። አላልኩም? ክራቫት ደውሎ "አኮራሽን" አለኝ። ማንን እንዳኮራሁ አልጠየቅኩትም።

እግረ መንገዴን ለጉጉት ያህል ናይትራይትም ለካሁ። ናይትራይት መንገድ ላይ የቀረ ናይትሬት ነው፤ ባክቴሪያው ሥራውን ጀምሮ ሳይጨርስ ሲተወው የሚተርፍ። ጠብታውን ስጨምርበት ውኃው ሮዝ ሆነ። 2.1። ገደቡ 3 ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሕፃን ደም አየር እንዳይሸከም ያደርጋል። የዕለቱ ቅጽ ላይ ለናይትራይት የሚሆን ሣጥን የለም፤ በሦስት ወር አንዴ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ የትም አልጻፍኩትም፣ እዚህ ካልሆነ።

ዓርብ 21/6

3.4። ሮዙ ጠቆር ብሏል። ምግብ ሲቀየርላቸው መንገራገጭ ያለ ነው፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገርስ ማን ይገባዋል?

ቅዳሜ 22/6

ለእትዬ ቤት ሁለት ካርቶን የታሸገ ውኃ ይዤ ሄድኩ። ደረጃው ወገቤን ቆረጠው።

"ምነው፣ የእናንተ ውኃ አልቆ ነው?" አለች እትዬ እየሳቀች።

"የሕፃኑ ዱቄት በዚህ ይሻለዋል፤ አይጓጉልም።"

"ሐኪም ነው ያለው?"

"እኔ ነኝ ያልኩት።"

የእህቴ ልጅ ጉንጬን ሳመችኝ። ሕፃኑ አመልካች ጣቴን ይዞ አልለቅም አለ። ጠንካራ ነው። የዋሸሁት ነገር የለም፤ ዱቄት በታሸገ ውኃ የተሻለ ይሟሟል ብዬ ነው የማምነው።

ሰኞ 24/6

4.0። ናይትሬት 28። ሪፖርቱ ላይ 28 ይነበባል፤ ሁሉም ደስተኛ ነው።

ሽማግሌው ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ጀመረ። "ልጄ፣ ሣር አይደለም ያነሳቸው። ሣሩ ሞልቶ ተርፏል። ጨው ነው ያጡት። ከብት ሣር ብቻ ግጦ አይከርምም፣ ጨው መላስ አለበት። ያ ጥቁሩ ነገር ውስጥ ጨው ነበረው፤ ይኼ አዲሱ ውስጥ ምንም የለውም።"

"የከብት ሐኪም ሲያስፈልገን እንጠራዎታለን፣ ጋሼ" አልኩት። ሁለቱ የቧንቧ ሠራተኞች ከት ብለው ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ከምሳ በኋላ ፋይል ሳገላብጥ የጉድጓዶቹን የሦስት ዓመት ምርመራ አገኘሁ። ፎስፌት፣ የፎስፈረስ ጨው ማለት ነው፣ አልተገኘም። ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ይመስላል። የኔ ነው። ሞላሰስ ውስጥ ፎስፈረስ እንዳለ፣ አልኮል ውስጥ እንደሌለ፣ ያለ ፎስፈረስ ደግሞ ባክቴሪያ ሥራውን ከመንገድ ትቶ ንፍጥ ሲያመርት እንደሚውል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ሐሳብ ማቅረቢያውን ስጽፍ ያላነሣሁት የገጽ ብዛት ስለተወሰነብኝ ነው።

ሰባት ገጽ ነበር የተፈቀደልኝ። አምስት ነው የጻፍኩት። ይህን አሁን ምን አስቆጠረኝ?

ረቡዕ 26/6

ፎስፌቱ ባለ መስታወት በሩ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ነጭ፣ በትልቅ ብልቃጥ። ጋሽ አፍንጫ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያሻሸ፦ "ያቺን ነጭ ጨው ለአንዱ ገንዳ ብቻ፣ ትንሽ ማንኪያ። ካልረዳቸው አፌን እዘጋለሁ።"

"ያልተፈቀደ ነገር ለሕዝብ በሚጠጣ ውኃ ውስጥ ላስገባ?"

"አንቺ ካልፈቀድሽ ማን ይፈቅዳል?"

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ሲወጣ መደርደሪያውን ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። እንደማይሰርቅ አውቃለሁ። ቆለፍኩ ግን።

እሑድ 30/6

ግቢው ባዶ ነው፣ ዘበኛው ብቻ። ዓርብ ዕለት ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሁለት ጠርሙስ አዘጋጅቼ ነበር። በሁለቱም የገንዳው ጠጠር፣ የጉድጓድ ውኃ፣ አልኮል። በአንደኛው ቁንጥር ፎስፌት። በደንብ ከድኜ ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቅኳቸው። በገዛ ላቦራቶሪዬ!

ዛሬ ከፈትኳቸው። ፎስፌት ያለው አረፋ ሲደፍቅ ከርሞ ጠብታውን ስጨምርበት ምንም ቀለም አላወጣም። የሌላው ሮዝ ከመጠቆሩ የተነሣ ቀይ ሊባል ይችላል።

አንድ ሙከራ ማስረጃ አይሆንም። ይህን ለሰልጣኞች ራሴ ነኝ የምነግራቸው። ጠርሙሶቹን አጠብኳቸው።

ነገ አንድ ማንኪያ ብጨምር ያበቃለታል። ከዚያስ? "ሽማግሌው አላለም ነበር?" ይላሉ። ቧንቧ ሠራተኞቹ ያን ጊዜ የሳቁትን ሳቅ ወደ እኔ ያዞሩታል። ክራቫት "የጨው ዘዴ" ብሎ ንግግር ያደርግበታል። ሐሙስ 11/7 አዲሱን ዘዴ ሊያዩ ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ በሥርዓቱ፣ በጥናት የተደረሰበት ማሻሻያ አድርጌ በስሜ አቀርበዋለሁ። ምን ጎደለ? አሥራ አንድ ቀን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለሌላ ነው፤ እኔ እየለቀቅኩ ነው፣ በጊዜው።

ማክሰኞ 2/7

4.6።

ሻይ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ የጽዳት ሠራተኛዋ ድምፅ፦ "ኃላፊዋ ግን የታሸገ ውኃ ነው አሉ ተሸክማ የምትሄደው።"

"ለዘመድ ነዋ።"

"ዘመድ የሌለው ይጠጣው እንግዲህ!" ሳቁ። ስገባ ሁሉም ስለ አየሩ ሙቀት ያወራ ጀመር። ሥራ ፈቶች። ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ሐሙስ 4/7

ከሆስፒታል አንድ ወጣት ሐኪም ደወለ። ድምፁ ገና የጎረመሰ። "የከተማው ውኃ ናይትሬት ጨምሮ ይሆን?" አለኝ። 29 ነው አልኩት፤ ከገደቡ እጅግ በታች። የጠየቀውን መለስኩለት። ናይትራይት አላለም።

"በጽሑፍ ይልኩልኛል?" አለ። ፈርሜ ላክሁለት። ሐኪም የራሱ ሥራ ሲያቅተው ውኃውን ይከሳል።

ዓርብ 5/7

5.0። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የጎብኚዎቹ ጉዳይ ነው።

ቅዳሜ 6/7

ሌላ ሁለት ካርቶን ለእትዬ ቤት። በሹፌር ላክሁ። ራሴ አልሄድኩም፣ ሥራ አለብኝ። ሥራ የለብኝም።

ሰኞ 8/7

እትዬ ደወለች። የሕፃኑ ከንፈር ጠቁሯል አለች። ጥፍሩም። ወተቱን እምቢ ብሏል። ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ክራቫት አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ወጣሁ። ታክሲ። መብራት ያዘን። ሌላ መብራት። የታሸገው አለ እኮ። ሌላ ነገር ነው። ልቡ ይሆናል፣ ጉንፋን ይሆናል

ማክሰኞ 9/7

ትናንት የሆነውን ልጻፈው።

ሐኪሙ ከሕፃኑ ተረከዝ የወሰደው ደም ቀይ አልነበረም፤ ቸኮሌት ይመስላል። ወጣት ነው። ድምፁን ለየሁት።

"ወተቱ በምን ውኃ ነው የሚበጠበጠው?" አላት የእህቴን ልጅ።

"በቧንቧ ውኃ፣ ግን በደንብ ነው የማፈላው፣ ዶክተር። ሁለት ጊዜ ነው የማፈላው። አክስቴ እኮ የውኃው ላቦራቶሪ ኃላፊ ናት።" እንባዋ እየወረደ በኔ ትኮራለች።

"የታሸገውስ?" አልኳት።

"እሱንማ ለእንግዳ አስቀመጥነው። ሕፃኑን ሊያይ የሚመጣው ሰው ስንት ነው! አንቺው አይደለሽ ባታፈይውም ችግር የለውም ያልሽኝ?"

ሁለት ጊዜ አፍልታ። ሲፈላ ውኃው ይተናል፣ ናይትራይቱ ይቀራል፤ ለልጇ በተጠነቀቀች ቁጥር አብዝታ ሰጠችው። ይህን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ዱቄት መጓጎል አወራኋት።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ኃላፊዋ እኔ መሆኔን ሰምቷል፤ ናይትራይቱን እንደማውቅ ግን ሊያውቅ አይችልም። ዝም ብል ያልፍ ነበር ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ ነበረ። ረጅም አልነበረም፤ ግን ነበረ፣ እጽፈዋለሁ።

"ናይትራይት ነው" አልኩ። "ዛሬ ጠዋት አምስት ነጥብ ሁለት ደርሷል። ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው።"

"ሐሙስ ዕለት የደወልኩት እኔ ነበርኩ" አለ። አልጮኸብኝም። በአገጩ አጠገባችን ያለውን አልጋ አሳየኝ። "ያ ልጅ ከረቡዕ ጀምሮ እዚህ ነው። ልቡን ስንመረምር ነው የከረምነው፣ ውኃው ደህና ነው ስላላችሁን። የሆስፒታሉም ወተት በዚያው ውኃ ነው የሚበጠበጠው።"

ነርሷን ጠርቶ ለሁለቱም ሕፃናት መድኃኒቱን በደም ሥር አስሰጣቸው። ሰዓት ሳይሞላ የእኛው ከንፈር ቀላ። ያኛው ዘገየ። እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ እያለቀሰች ታመሰግናለች፤ ነርሷን፣ ሐኪሙን፣ እኔን። እኔን!

የእህቴ ልጅ ግን ማልቀሷን ትታለች። ልጇን አቅፋ ያንን አልጋ ስታይ ቆየችና፣ "ታውቂ ነበር" አለችኝ።

"ለእናንተ ነው እኮ የታሸገ ያመጣሁት" አልኳት።

"ለእኛ ብቻ?"

ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ኮሪደር ላይ ወጥቼ ለጋሽ አፍንጫ ደወልኩ። "የመደርደሪያዬን መስታወት ይስበሩና ነጩን ጨው ያውጡ። ለአራቱም ገንዳ።" ልኩን ነገርኩት፤ ካወቅኩት ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ለምን አሁን ብሎ አልጠየቀኝም። "አንቺስ ደህና ነሽ፣ ልጄ?" አለ። ስልኩን ዘጋሁት።

ቀጥሎ ክራቫት። የከተማው ሕዝብ ዛሬውኑ ይነገረው አልኩት። "ጎብኚዎቹ እኮ ሐሙስ ናቸው። እነሱ እስኪሄዱ ብቻ…" አለ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበትና ሬዲዮ ጣቢያው ራሴ ደወልኩ። ፈሪ፣ አድርባይ፣ ለማንም ልጅ ደንታ የሌለው። ከእሱ በምን እንደምለይ አሰብኩ። ክራቫት አላስርም።

ረቡዕ 10/7

3.8። ቢሮ ውስጥ ሰው ሲያየኝ መንገድ ይለቃል። የተሰበረውን መስታወት ጋሽ አፍንጫ ጠራርጎ ጨርሶታል። አንድም ጊዜ "ብዬሽ ነበር" አላለም። ቢለኝ ይቀለኝ ነበር፤ የሚሰድበው ሰው እንዲህ እንደሚናፈቅ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ 11/7

2.2። ገንዳዎቹ አረፋቸው ተመልሷል፤ ንፍጡ እየለቀቀ ነው። ጎብኚዎቹ ሲመጡ በዚህ ደብተር የጻፍኳቸውን ቁጥሮች ሁሉ፣ ከ19/6 ጀምሮ፣ በነጭ ወረቀት ገልብጬ ከፊርማዬ ጋር ሰጠኋቸው። ክራቫት ላብ በላብ ሆነ። አንዷ ጎብኚ "መፍትሔውን ያገኘው ማን ነው?" ስትል ጋሽ አፍንጫን አሳየኋት። ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ።

ከዚያ ሆስፒታል ሄድኩ። የኛዎቹ ጠዋት ወጥተዋል፤ እትዬ በስልክ "ለጊዜው አትምጪ" ብላኛለች። የሄድኩት ለሌላኛው አልጋ ነው።

ሕፃኑ ቀልቷል። ሐኪሙ ይተርፋል ብሏል፣ ስለ ጭንቅላቱ ግን ሲያድግ ነው የምናውቀው ብሏል። እናቱ ወጣት ናት፣ የሥራ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም፤ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ናት። ስታየኝ ከወንበሯ ተነሣችልኝ።

"የውኃ ባለሙያዋ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ባለፈው እርስዎ ባይናገሩ ልጄን አላገኘውም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቤት ስንገባ በምን ልበጥብጥለት? አፍልቼ ልስጠው?"

"እንዳታፈይው። በሬዲዮ እስኪነገር የታሸገ ብቻ" አልኳት። "ደግሞ አታመስግኚኝ። ውኃው ደህና ነው ብዬ ለሆስፒታሉ የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባት። "ተሳስተው ነው?"

"አይደለም። አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን?"

ብዙ መልስ ነበረኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት። አንዱም እሷ ፊት የሚነገር ሆኖ አልተገኘም።

"ስለናቅኩ ነው" አልኳት።

"ማንን?"

ልጇን ወደ ትከሻዋ አነሣችና ቆማ ጠበቀችኝ። ከሽማግሌው ጀመርኩላት።